ፍየሏ የበላችው ዜና መዋዕል

አገር ቤት ላለ ሰው ድንበር የተሻገረ ሁሉ «ውጭ» ነው። ዋሽንግተን የሚኖረውም ካርቱም ዳር፣ ማዮ የሚኖረውም እኩል ውጭ ናቸው። መተማን አልፎ ገላባት ላይ ፓስፖርቱን ያስመታ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጫማ፣ የስልክና የሽቶ ባለዕዳ ይሆናል። ለእኔ የመጣልኝ ትእዛዝ ግን ጫማም ሽቶም አልነበረም። የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ያውም በርካሽ።

አዛዡ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ነው። እሱ ተመርቆ ወደ ሰሜን ሄደና የአንድ ኮሌጅ መምህር ሆነ፤ እኔ ያንኑ ዲግሪ ይዤ ካርቱም ገባሁና ሱቅ ዓረቢ በሚባለው ገበያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ማታ በፌስቡክ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ወንድሜ፣ ኮርስ ጣሉብኝ። ከዛጉዌ እስከ ግራኝ ዘመን ያለውን ሥነ ጽሑፍ ነው የማስተምረው። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው አንድ ዳዊት ነው፤ እሱም መዝሙር ሃምሳ ላይ ተገንጥሏል። ልጆቹ ደግሞ ለምሳ እንኳ ተበድረው ነው። አንተ መቼም ውጭ ነህ፤ ርካሽ ርካሹን ፈልግልኝ።»

ይህን ያነበብኩት ማዮ ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ የመጨረሻ ባትሪ ነው። ማዮ ከካርቱም በስተደቡብ ያለ ሰፊ ሰፈር ነው፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች ጭቃ በጭቃ ላይ እየደረቡ ሠርተውት ያደገ። ውሃው በአህያ ጋሪ፣ በበርሜል ይመጣ ነበር። አብዛኛው ሐበሻ ዴም ወይም ጅሬፍ በሚባሉት ሰፈሮች ነበር የሚኖረው፤ እዚያ እንጀራ ነበር፣ አማርኛ ነበር፣ ሐሜትም ነበር። እኔ ማዮን የመረጥኩት ኪራዩ ይረክስ ስለነበር ነው። ስለዚህ ርካሽ ነገር ስለመፈለግ ካነሣን፣ ወዳጄ ትክክለኛው ሰው ጋ ነው የመጣው ማለት ይቻላል።

እሱ ኢንተርኔት ከፍቼ፣ ከአማዞን አዝዤ፣ በካርድ ከፍዬ የምልክ ነበር የመሰለው። ሱዳን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ማዕቀቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ካርቱም ቁጭ ብሎ በቪዛ ካርድ መጽሐፍ መግዛት የማይታሰብ ነበር። እሱም አገር ቤት ሆኖ ዶላር የለውም፤ እኔም ውጭ ሆኜ ካርድ የለኝም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ክብረ ነገሥት መግዛት ያቃተን የተማርን ሰዎች ነበርን።

ቢሆንም ዋጋ መጠየቅ አይከለከልም ብዬ አንዳንዱን አየሁ። የግእዝን ጽሑፎች በጥንቃቄ አርሞ የሚያሳትም አንድ ትልቅ ተከታታይ አለ፤ ቤልጅግ፣ ሉቨን ላይ ነው የሚታተመው፤ የምሥራቅ ክርስቲያኖች ጸሐፍት ስብስብ ይሉታል። ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየወጣ ነው። የሚያምር ሥራ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አንዷን ቅጽ ለመግዛት የሚጠየቀው ዩሮ ማዮ ውስጥ የቤት ኪራይ የሚከፍል ነበር። በጎንደር ወይም በጎጃም ገዳም አንድ መነኩሴ የጻፈው፣ ለአንባቢ የሚመለሰው በቤልጅግ በኩል፣ በዩሮ ነው። መጽሐፍ ማን እንዲያነበው ታስቦ እንደተሠራ ዋጋው ራሱ ይናገራል፤ ይኼኛው ለዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ነው የተሠራው።

ከእነዚህ የሚብስም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ ሌዲ ሚዩ የሚሏት ባለጠጋ ሴት ነበረች፤ የቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ሚስት። ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት ገበያ ላይ ሲወጡ ትሰበስብ ነበር። ዋሊስ በጅ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የእሷን ብራናዎች እየተረጎመ፣ ጥቂት ቅጂ ብቻ እየታተመ፣ ለወዳጅ ለዘመድ ይታደል ነበር። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ1910 ስትሞት ብራናዎቿን ለዐፄ ምኒልክ ተናዘዘች። መመለሳቸው ነበር! ኑዛዜው ግን ተሽሮ መጻሕፍቱ ተሸጡ።

በነጻ የተመለሰ መጽሐፍ ቢኖር ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጠየቁት ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው፣ ያለ ክብረ ነገሥት ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም አንዱን ቅጂ መለሰላቸው። እኔም ወዳጄን «ለተማሪዎችህ እንዲህ አድርገህ ጻፍ» ልለው ከጅሎኝ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን ከኋላቸው ጦር ነበራቸው፤ የእኛ ሰው ያለው ጠመኔ ነው።

እንግዲህ የቀረው ጊዜው ያለፈበት፣ መብቱ የተቃጠለ፣ በነጻ የሚወርድ መጽሐፍ ነው። ካርል ቤዞልድ እ.ኤ.አ. በ1905 ሙኒክ ያሳተመው ክብረ ነገሥት፣ ፔሩሾን በ1889 ያወጣው የዐፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ ዲልማን በ1866 ያዘጋጀው የግእዝ ንባብ መማሪያ፤ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ተኝተዋል። የቅጂ መብት የሚጠይቀኝ ቢኖር ክብረ ነገሥትን ያዘጋጀው የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ነው፤ እሱም ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ተነሥቶ አይከሰኝም። ሌሊት መብራት ሲመጣ ማውረድ ጀመርኩ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ከፊደሉ ይልቅ የስካን አድራጊው አውራ ጣት ይነበባል።

ዋናው ችግር የመጣው ከወረደ በኋላ ነው። የቤዞልድ ክብረ ነገሥት የሚያብራራህ በጀርመንኛ ነው። ፔሩሾን በፈረንሳይኛ። ዲልማን ደግሞ መዝገበ ቃላቱን በላቲን ነው የሠራው። የኮሌጁ ተማሪ ግእዝ ለመማር መጀመሪያ ላቲን መማር አለበት ማለት ነው፤ ላቲንን የሚማረው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛውን ለመማር ሌላ ኮርስ ይወስዳል። ወዳጄን ይህን ስነግረው «ገጹ ስንት ነው?» ብቻ አለኝ። ፎቶ ኮፒ የሚሰላው በገጽ ነዋ።

ስለዚህ ፔሩሾንን ቀደም ብዬ ልሞክረው አልኩ። አምደ ጽዮን በ14ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ በኩል ያደረገውን ዘመቻ የሚተርክ አጭር መጽሐፍ ነው፤ በእኔ ግምት ከመካከለኛው ዘመን ጽሑፎቻችን ሁሉ ለወጣት አንባቢ ይህን የሚያህል የለም። ንጉሡ ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ ሳለ የጠላት ጦር ይደርሳል፤ ሚስቶቹ አትውጣ ብለው ይለምኑታል፤ ይወጣል። ስብከት ቢበዛበትም ተራኪው ጦርነት አይቷል። በሱቃችን የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ አትሜ፣ የጎደለ ገጽ ካለ ላይ ብዬ ማዮ ወሰድኩት። ሙቀቱ ቤት አያስገባም፤ ግቢው ውስጥ ዓንገሬብ በሚሉት አልጋ ላይ ዘርግቼ ውሃ ልቀዳ ተነሣሁ።

ስመለስ የቤት አከራዬ የኻልቲ ፍየል አምደ ጽዮንን እየበላች ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ይገባዋል። በድሮው ጊዜ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ያስፈልግ ነበር። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ ይሠመራል፤ ከዚያ ቀለሙና የጸሐፊው ድካም አለ። የመጽሐፍ ዋጋ የሚለካው በመንጋ ነበር። ያንን ያህል ዘመን ዝም ብላ ጀርባዋን ስትሰጥ የኖረች ፍየል፣ ወረቀት በሚባል ነገር ዕረፍት ካገኘች በኋላ አሁን ደግሞ ብድሯን እየመለሰች ነው። ያስገረመኝ ግን ምርጫዋ ነው። የግእዙን ገጾች ጨርሳ የፈረንሳይኛውን ትርጉም አልነካችውም።

ኻልቲ ወጣችና ፍየሏን በጫማ አባረረችልኝ። የኑባ ተራሮች ሰው ናት፤ ሰው ሲያዝን አትወድም። «ምን ነበር የሚለው?» አለችኝ። የአንድ ንጉሥ ጦርነት ነው አልኳት። «ማን አሸነፈ?» የእኛ ንጉሥ አልኳት። «መጨረሻውን ካወቅኸው ታዲያ ምን ያሳዝንሃል?» ብላ ሻይ ልታፈላ ገባች።

በዚያ ዘመን ካርቱም መሃል፣ አትኔ አደባባይ ላይ፣ በወር አንድ ቀን «መፍሩሽ» የሚባል የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣቶች የጀመሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ባለሥልጣናት እስኪከለክሉት ድረስ ሰው እንደ ሰርግ ይጎርፍበት ነበር። ከአሥር ሺህ የበለጠ የሚያወራ፣ ከመቶ የማያንስ የሚገዛ። ዓረቦች «ካይሮ ትጽፋለች፣ ቤይሩት ታትማለች፣ ካርቱም ታነባለች» ይላሉ፤ ባግዳዶች የመጨረሻዋ ቦታ የእኛ ናት ብለው ይጣላሉ። መፍሩሽን ያየ ሰው ለካርቱም ይፈርዳል። መጻሕፍቱ መሬት ላይ ሸራ ላይ ይነጠፋሉ፣ ሻጩ አጠገባቸው ቡና እየጠጣ ይቀመጣል፣ ዋጋ ስትጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ያለውን አስተያየት ይነግርሃል።

እዚያ ነው «ጠበቃት» የሚሉትን የወድ ደይፈላህ መጽሐፍ ያገኘሁት። በፉንጅ መንግሥት ዘመን የኖሩ የሱዳን ቅዱሳን ሰዎችን ታሪክ የሚተርክ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ አካባቢ የተዘጋጀ፤ ዩሱፍ ፈድል ሐሰን አርሞት በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ታትሟል። ሼኩ በአየር ይሄዳል፣ አዞ ይታዘዘዋል፣ ሱልጣኑ ፊት እውነት ይናገራል። ገድለ አቡነ እገሌን ያነበበ ሐበሻ እቤቱ የገባ ይመስለዋል። ለተማሪዎቹ ማወዳደሪያ ይሆን ነበር፤ በዐረብኛ ባይሆን። የመጻሕፍቱ ነጋዴ ዋጋውን ዝቅ ሲያደርግልኝ «ሐበሻ ሆነህ ይህን ልታነብ ከሆነ ግማሹን እኔ እከፍልልሃለሁ» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ቅናሽ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ስለ መካከለኛው ዘመን ሳስብ ሳስብ አንድ ነገር ዘግይቶ ታወሰኝ። ከማዮ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ፣ ሶባ አለ። የዓልዋ መንግሥት ዋና ከተማ፤ የኖባ ክርስቲያኖች አገር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሰሊም አል አስዋኒ የተባለ መልእክተኛ አይቶ የጻፈው አለ፤ የሚያማምሩ ሕንፃዎች፣ በወርቅ የበለጸጉ አብያተ ክርስቲያናት፣ አትክልት። ከሁሉ የገረመኝ ስለ መጻሕፍታቸው ያለው ነው፤ መጻሕፍታቸው በሮማውያን ቋንቋ፣ ማለትም በግሪክ ናቸው፤ እነሱ በራሳቸው ቋንቋ ይፈቱታል ይላል። እኛ ግእዙን በአማርኛ ስንፈታ፣ የማዮ ጎረቤቶች ከሺህ ዓመት በፊት ያንኑ ችግር በዚያው መንገድ ሲወጡት ነበር።

ከዚያው ዘመን ሌላም አለ። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚለው፣ አንዲት ንግሥት አገር እያጠፋች አብያተ ክርስቲያናት ስታቃጥል፣ ጳጳስ ያጣው የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ጻፈ። አንተ ለግብጽ ትቀርባለህ፤ ፓትርያርኩን ለምንልኝ፣ ጳጳስ ይላክልኝ ነው ነገሩ። ጊዮርጊስም ለፓትርያርክ ፊሎቴዎስ ጽፎ ጳጳሱ ተላከ። ይህን ለወዳጄ ላክሁለት። ከሐበሻ ወደ ሱዳን ዕቃ ላክልኝ የሚል ደብዳቤ በእሱ እንዳልተጀመረ፣ አንድ ሺህ ዓመት ያለፈው ሥርዓት መሆኑን ይወቅ ብዬ። «የኖባው ንጉሥ ግን ልኳል» ብሎ መለሰልኝ።

እውነቱን ለመናገር መፍትሔው ካርቱም አልነበረም። አገር ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነበር። በዓል ሲሆን ከጧፍና ከዕጣን ጎን የሚዘረጉት መጻሕፍት ተአምረ ማርያም፣ ገድለ ተክለ ሃይማኖት፣ ገድለ ላሊበላ፣ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ አርጋኖን ናቸው፤ ግእዙ በአንድ ወገን፣ አማርኛው በሌላ ወገን። ፊደል የቆጠርንበትን ገበታ ያተመልን የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ማተሚያ ቤት ለስንት ትውልድ እንዲህ ያለውን ሲያድል ኖሯል። ምሁራኑ ቅር ይላቸዋል፤ ከየትኛው ብራና እንደተወሰደ አይናገርም፣ ልዩነቱን በግርጌ አያሳይም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይናገርም። ግን ከጎኑ አማርኛ አለው። ተማሪው ላቲን ሳይማር የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ያስገባል። ለበረከት የሚገዛ ሰው በዋጋ አይከራከርም የሚሉት ሐሰት ነው፤ ይከራከራል፣ ሻጩም ይቀንሳል።

ፎቶ ኮፒ ማንሣት ሥራዬ ሆኖ ሳለ ይህን ማለቴ ለአሠሪዬ አይጥምም፤ ነገር ግን ቆሎ ተማሪው ከእኛ የበለጠ በርካሽ ተምሯል። መምህሩ ቃል ነው፤ አንድ መጽሐፍ ለአርባ ተማሪ ይበቃል፤ አርባው ደግሞ በቃሉ ይዞት ይወጣል። ወዳጄን «አንድ አርጋኖን ግዛና በየተራ ጮክ ብለው ያንብቡት» አልኩት። «ኮሌጅ ነው እንጂ ደብር አይደለም» አለኝ። በኋላ ግን እንዳደረገው ሰምቻለሁ፤ ተማሪዎቹም ከመጽሐፉ ይልቅ የአንድ ጎንደሬ ልጅ ድምፅ ወደዱ።

ገዝቶ ማግኘት ያልቻለው አንዱን ብቻ ነው። ለነገሥታቱ ለነአምደ ጽዮን፣ ለነይስሐቅ የተዘፈኑት የጥንት አማርኛ ግጥሞች። ኢኛሲዮ ጉዊዲ ኦክስፎርድ ካለ ብራና ላይ አግኝቶ በ1889 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው ናቸው፤ በቋንቋችን ከተጻፈው ሁሉ ከእነሱ የሚቀድም አማርኛ የለንም ማለት ይቻላል። አጭር ናቸው፤ አጭር ማለት በፎቶ ኮፒ ቋንቋ ርካሽ ማለት ነው። ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ ነው፤ እሱ ግን ደራሲው እኔ ነኝ የሚለውን ሰው ብናምን 17ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሚጠራጠሩትን ብናምን ደግሞ 19ኛው ነው፤ በየትኛውም ቢሆን ከኮርሱ ውጭ ስለሆነ አዳነኝ። ግጥሞቹን በእጄ ተይቤ፣ ስፌት ያለው ትንሽ ጥራዝ አድርጌ፣ በገዳሪፍ አውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። መተማ ላይ ፈታሹ ምን እንደሆነ ጠየቀው አሉ። «የዐፄ ይስሐቅ ዘፈን ነው» ሲለው «አዲስ አልበም ነው?» ብሎ አሳለፈው።

ዛሬማ ነገሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የፈጁበት፣ ሚኒሶታ ከሚገኘው ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ በሺህ የሚቆጠር ብራና ስልክህ ላይ ትከፍታለህ። ካርቱም ውስጥ ግን ዛሬ የሌለው ብዙ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ እኔ ለትንሣኤ አገር ቤት ነበርኩ፤ በዚያው ቀረሁ። በዚያው ዓመት የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ማዮ ውስጥ የቁሮ ገበያ ተደበደበ፤ ከአርባ በላይ ሰው ሞተ። ኻልቲ የት እንደደረሰች አላውቅም።

የወዳጄ ኮርስ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ እኔ ገና ካርቱም ሳለሁ ተከፍቷል፤ ከመከፈቱ በፊት አንድ ፈተና ነበረበት። የመጻሕፍቱን ዝርዝር ለአንድ ኮሚቴ ማቅረብ ነበረበት፤ የኮሚቴው ቅጽ ደግሞ «ማጣቀሻዎች ከአምስት ዓመት ወዲህ የታተሙ ይሁኑ» ይላል። ምናልባት ለኮምፒውተር ትምህርት ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ቤዞልድ 1905፣ በቀይ ተሰመረበት። ፔሩሾን 1889፣ በቀይ። ዲልማን 1866 ላይ ቀዩ ብቻ አልበቃ ብሎ የጥያቄ ምልክት ተጨመረበት። ስለ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል «የቅርብ ጊዜ መረጃ ይካተት» የሚል አስተያየት ተጻፈ።

ያለፉት ተአምረ ማርያምና ገድለ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ከደጃፍ የተገዙት፣ ያምናው እትም ስለሆኑ። እና የእኔ ጥራዝ። ሽፋኑ ላይ በልማድ የዚያን ዓመት ቁጥር ጽፌበት ነበርና ኮሚቴው ያለ ምንም ጥያቄ አጸደቀው፤ እንዲያውም የኮርሱ ዋና መማሪያ እንዲሆን ወሰነ። ወዳጄ ደስ ብሎት ጻፈልኝ፤ ሠላሳ ቅጂ እንድልክለትም ጠየቀ። የሽፋኑን ካርቶን ማን ይከፍላል ብዬ ብጽፍለት፣ መልስ ሳይሰጠኝ ቆይቶ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ ይሁን አለኝ።